አዲስ ጎማ፣ የሌላ ሰው ሊብሬ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። በዕቁብ ባጠራቀምኩት ብር አንዲት ያሪስ ልገዛ ነው። ሻጩ መኪናዋን የያዛት በውክልና ነው፤ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው የሌላ ሰው ስም ነው። “ለአንቺም ውክልና ላድርግልሽ፣ ስም ማዛወሩን ቀስ ብለሽ ትጨርሽዋለሽ” ይለኛል። 50,000 ብር ቀብድ ቶሎ ስጪኝ እያለም ያጣድፈኛል። “አራቱንም ጎማ በአዲስ ቀይሬያለሁ፣ የ2016 ምርት ናቸው” ብሎ ዋጋውንም ከፍ አድርጎታል። የጎማውን ጎን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ወ.፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ቀብዱን እንዳትሰጪ። እሱን እንያዝና ወደ ምክንያቱ እንሂድ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ብሩን የተቀበለሽ ሰው የመኪናዋ ባለቤት ካልሆነና ነገ ስልኩን ካጠፋ እጥፉን ከማን ትጠይቂያለሽ?

ዋናው ጣጣ ውክልናው ነው። በዚህ ከተማ ውክልና በውክልና ላይ እየተደረበባት ሦስት አራት እጅ የዞረች መኪና ሞልታለች። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው አሜሪካ ገብቷል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ፍርድ ቤት ቆሟል፣ ወይ ከነጭራሹ በሕይወት የለም። ውክልና የሰጠ ሰው ደግሞ በፈለገው ቀን መሻር ይችላል። ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያኔውኑ ያበቃል። መኪናዋ የወራሾች ትሆናለች። አንቺ ጋ የሚቀረው ቁልፉና የነዳጅ ወጪው ነው።

የባልና ሚስቱም ነገር አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ በ500 ብር ስኮርታውንም (መጠባበቂያ ጎማውንም) የሚሸጥልሽ የለም፤ ስለዚህ መኪና ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል በይ። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ውልና ማስረጃ ሲሄዱ የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ አምጡ የሚባሉት ለዚህ ነው። ሰዉ “ቢሮክራሲ” ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ያቺን ወረቀት እወዳታለሁ።

ስለዚህ ለሻጭሽ፣ የመኪናዋ ባለቤት ራሱ ከነትዳር ጓደኛው ይምጣ በይው። መምጣት ካልቻለ ውክልናውን በፎቶ ኮፒ አትመኚው። ዋናውን አሳይሽ በይውና ‘መሸጥ’ እና ‘ስም ማዛወር’ በግልጽ መጻፉን አንብቢ። “እንዲያስተዳድር” ብቻ የሚል ውክልና ለሽያጭ አይሆንም። አለመሻሩንም ከተሰጠበት ጽሕፈት ቤት አጣሪ። ከዚያ የመኪናዋ ፋይል ያለበት የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ይረጋገጥ። ባንክ ይዟት፣ ፍርድ ቤት አግዷት ወይም ከቀረጥ ነፃ ገብታ ቀረጧ ሳይከፈል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ሁሉ ከውጭ አይተሽ አታውቂውም፤ ሞተሯ ቆንጆ ሊሆን ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯንም ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ከሊብሬው ጋር አመሳክሪ። የተመታበት ብረት ዙሪያውን ተፍቆ ወይም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካየሽ ቻው በያት። ቦሎዋን (የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቷን) እና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሷንም እግረ መንገድሽን እዪ።

ደላላው “ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ” ማለቱ አይቀርም። እንቢ በዪ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ይመለስልኝ ብለሽ የምትከራከሪው በተጻፈው ብር ነው። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ እሱም ፊርማው ሲፈረም እንጂ ካፌ ውስጥ አይደለም። በፈረማችሁበት ሳምንት ስሙን አዙሪ። “ቀስ ብለሽ” የሚለውን ምክር ለራሱ ይያዘው።

አሁን ወደ ጎማው። ፎቶሽን ሳየው ሳቄ መጣ። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ (DOT) ብሎ የሚጀምረው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፦ 3616። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። በ2016፣ በ36ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሰውዬው አልዋሸም! ብቻ 2016ቱ በፈረንጅ ነው። በኛ ሲቆጠር ጳጉሜን 2008 ገደማ ይሆናል።

ጥርሱ ሙሉ ነው ትይኛለሽ። ያልተነዳ ጎማም ቁጭ ብሎ ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ዝናብ ላይ አስፋልቱን መያዝ ይተዋል፣ በሙቀትና በፍጥነት ሊፈነዳም ይችላል። ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም እንደ ሊስትሮ ጫማ አብርተውታል፤ ያ ቀለም የሚሸፍነው ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆችን ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊውና በቀን ብርሃን እዪው። ያለቀ ጎማ ላይ ጥርስ በትኩስ ብረት የሚቀርጹም አሉ። እሱን የምታውቂው በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ከምትታየው ትንሽ ጉብታ ነው። ከፍታዋ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው እሷ ላይ ሲደርስ አልቋል ማለት ነው። ጉብታዋ ተቆርጣ ወይም ጠፍታ ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ጎማው ተቀርጿል።

እንግዲህ የጨመረብሽን ብር ቀንስ በይው፤ የአራት አዲስ ጎማ ዋጋም ይቀነስልኝ ብለሽ ተከራከሪ። መንግሥት በ2016 (ይሄኛው በኛ ነው) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሻጭ ሁሉ ኮራ ብሏል። ቢሆንም የጎማውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ስታነቢለት ድምፁ ዝቅ ይላል። አዲስ ጎማ ስትገዢ ልኩን የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ውሰጂ። አሁን የገጠመላት ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ጎሚስታው ቫልቩን ሳይቀይር እንዳይገጥም፤ ባላንስም ያሠራ። ስኮርታውን አስወርደሽ እዪው፤ ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለጊዜው አቅሜ ሁለት ጎማ ብቻ ነው። ጎሚስታዬ ፊት እንግጠመው ይላል። ልክ ነው?
መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ብዙ ጎሚስታ እንደዚያ ይላል፤ መኪናህን የሚጎትተው የፊቱ ስለሆነ ነው። እኔ ግን አዲሶቹን ኋላ ግጠማቸው እላለሁ፤ የጎማ አምራቾችም የሚመክሩት ይሄንኑ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ፊቱ ቢንሸራተት እግርህን ከነዳጅ ላይ አንስተህ ቀጥ ታደርጋታለህ። ኋላው ከሸሸ ግን መኪናዋ ትዞራለች፣ ለመመለስም ጊዜ አይሰጥህም። ሁለቱ አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ይሁኑ። ፊት የሚቀሩት አሮጌዎቹ ጥርሳቸው ያለቀ ከሆነ ግን አራቱንም እስክትገዛ መኪናዋን አቁማት።