መልስ፦ የገስት ሀውሴን ዌብሳይት ላድሰው ወይስ ቴሌግራሙ ይበቃል?

አብሽር ወንድሜ። ላሊበላ ላይ ገስት ሀውስ አለኝ፣ ዌብሳይቱ ከተሰራ ቆይቷል፣ ቴሌግራም እያለኝ ማደሱ ምን ያደርግልኛል ነው ያልከው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚመጣው እንግዳ ቴሌግራሙ ይበቃ ይሆናል፣ ግን ለገና የሚመጣው የውጭ ሰው ቻናልህን ከየት ያገኘዋል? እሱ ጉግል ነው የሚያደርገው፣ የሚያገኘው ደሞ ያንን የተረሳ ገጽ ነው።

ሊንኩን ከፍቼ አየሁት። በጣም ያሳሰበኝ ዋጋው ነው፣ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት የነበረው ታሪፍ እስካሁን ተለጥፎ አለ፣ እንግዳው እሱን አምኖ መጥቶ ሪሴፕሽን ላይ ሌላ ሲነገረው አጭበረበሩኝ ብሎ ሪቪው ይጽፍብሃል፣ አንተ ታማኝ ሆነህ ስምህ በከንቱ ይጠፋል። ሌላው፣ ሰዉ ስለ ላሊበላ በጦርነቱ ጊዜ የሰማውን ዜና አልረሳም፣ ከዛ በፊት የተነሳ ፎቶ ብቻ ሲያይ ተዘግቷል ብሎ ነው የሚያልፍህ። ስለዚህ ዛሬውኑ የዚህን ወር ቀን ጠቅሰህ "ክፍት ነን፣ እንግዳ እየተቀበልን ነው" የሚል አንድ መስመር ከላይ አስገባ፣ የክፍሎቹንም ፎቶ በስልክህ አንስተህ ቀይር፣ ፕሮፌሽናል ካሜራ አያስፈልግም።

ክሮም "ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" የሚለው ኤችቲቲፒኤስ (በእንግዳውና በገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሰጥር ግንኙነት) ስለሌለህ ነው፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፣ ሆስቲንግ የሚያቀርብልህን፣ ማለትም ዌብሳይትህ የተቀመጠበትን ድርጅት ጠይቃቸው። የዋትሳፕ ቁጥርህንም አድርግበት፣ ፈረንጅ ቴሌግራም ብዙም አይጠቀምም። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አስተካክልልሃለሁ።