አሮጌ ኮምፒውተር፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ፦ ቅዳሜ ከሰዓት የተጠየቅኩትና የመለስኩት

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ባሕር ዳር ያለው ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆነብኝ። «ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፣ ኮምፒውተሬ ግን አልቀበልም አለኝ።» ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ካቻቢቴዬን አስቀምጬ «በሉ ያላችሁን ጠይቁ» አልኩ። ገሚሱ በአካል መጣ፣ ገሚሱ በስልክ ላከ። ስም አልጽፍም፣ ሰፈር ይበቃል። ዋጋ የጠየቃችሁኝን ዘልያችኋለሁ፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ አይሠራም።

ከዓባይ ማዶ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፦ ኮምፒውተሬ እ.ኤ.አ. የ2009 ሥሪት ነው፣ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ገጠምኩ። ዲስክ ማኔጅመንት (የዊንዶውስ የዲስክ መከፋፈያ) ላይ ለሁለት ተከፍሎ ታየኝ፤ አንዱ 2048 ጊጋ፣ ሌላው 1678 ጊጋ። ሁለተኛው ላይ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ተሸወድኩ እንዴ?

አልተሸወድክም ወንድሜ። ዲስክህ ሙሉ ነው። ጉዳዩ የቆጠራ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ሴክተር ይባላሉ፤ እያንዳንዱ 512 ባይት ይይዛል። የትኛው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) ከየትኛው ሴክተር እንደሚጀምርና ስንት ሴክተር እንደሚይዝ የሚጻፍበት መዝገብ ደግሞ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ አለ። የአንተ ዲስክ የተመዘገበው ኤምቢአር በሚባለው በአሮጌው መዝገብ ነው። እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ 2.0 ጋር ነው፤ ዶስ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ነው። ያኔ የአይቢኤም ኮምፒውተር ይዞት የሚመጣው ዲስክ 10 ሜጋ ነበር። 10 ሜጋ! ዛሬ አንድ የሠርግ ፎቶህ እንኳን ላይገባበት ይችላል። ያኔ ማን ስለ ቴራ ያስባል?

እና ለሴክተር ቁጥር የተውለት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። ከ4,294,967,296 በላይ መቁጠር አይችልም። ይህንን በ512 አባዛው፣ 2.2 ትሪሊዮን ባይት ገደማ ይመጣል። ዊንዶውስ ደግሞ ይህንኑ 2048 ጊጋ ብሎ ይጽፈዋል። ያየኸው ቁጥር እሱ ነው። የቀረው 1678 መሬት አለ፣ ግን ካርታ የለውም።

መፍትሔው ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ መዝገብ ነው። (ከቻት ጂፒቲ ጋር ዝምድና የለውም፤ በቀን ሁለቴ እጠየቃለሁ።) ዲስክህ ገና ባዶ ስለሆነ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። የሠራኸው ፓርቲሽን ካለ አጥፋው። ከዚያ በስተግራ «ዲስክ 1» የሚለው ግራጫ ሳጥን ላይ ራይት ክሊክ አድርግ። በስተቀኝ ያለው ረጅሙ አሞሌ ላይ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ኮንቨርት ቱ ጂፒቲ» የሚል ታገኛለህ። ስትጫነው 3726 ጊጋ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል።

እሱው ራሱ፦ 4 ቴራ ብዬ ከፍዬ 3726 ጊጋ? የቀረው የት ሄደ?

የትም። ሻጩ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ዕቃው አንድ ነው፣ መስፈሪያው ተለያየ። 1 ቴራ የገዛም 931 ነው የሚያየው።

አሁንም እሱው፦ እሺ፣ ዊንዶውሱንም ወደዚሁ ዲስክ ባዛውረውስ?

በዚያ ኮምፒውተር አይሆንም። ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ የሚነሳው ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የባዮስ ተተኪ) ሲኖረው ነው። በአንተ ዘመን የተሠሩት አብዛኞቹ አሮጌው ባዮስ ነው ያላቸው። ግን ለምን ትደክማለህ? አሮጌው 160 ጊጋ እዚያው ይቀመጥና ዊንዶውሱን ያስነሳ፣ አዲሱ ቪዲዮውን ይሸከም። እንዲያውም ሌላ ወጪ ከቻልክ 160ውን በ240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ቀይረው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አዲስ የገዛህ ይመስልሃል። እኔ ለሚመጣው ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው፤ ትንሹ ያስነሳ፣ ትልቁ ይሸከም።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ኡቡንቱ በአሮጌ ባዮስም ከጂፒቲ ዲስክ ይነሳል። መጀመሪያው ላይ 1 ሜጋ የምታህል «ባዮስ ቡት» የምትባል ፓርቲሽን ብቻ ትፈልጋለች።

ከፖሊ፣ ተማሪ፦ የኔ ደግሞ የባሰ ነው። 3 ቴራ ዲስክ 746 ጊጋ ነኝ ይላል። ሻጩ ይቀይርልኝ?

ሻጩን ተወው። 746 የሚለውን ቁጥር ሳይ እንደ ድሮ ጓደኛ ሰላም ልለው ይቃጣኛል። 3 ቴራ በዊንዶውስ አቆጣጠር 2794 ጊጋ ነው። ከሱ ላይ 2048 ቀንስ። 746 ቀረ አይደል? ባጃጅ ላይ ያለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ መጨረሻው ደርሶ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ማለት ነው። እዚህ የዞረው ቆጣሪ የዲስክ መቆጣጠሪያው ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም። ከማዘርቦርድህ አምራች የቅርቡን የሳታ (የዲስኩ ማገናኛ) ድራይቨር አውርደህ ጫን። ዲስኩን በዩኤስቢ ማስቀመጫ ውስጥ አድርገህ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ያ ማስቀመጫ ነው፤ አሮጌዎቹ ከ2 ቴራ በላይ አይቆጥሩም። ቁጥሩ ሳይስተካከል ግን ምንም ነገር እንዳትገለብጥበት።

ከፔዳ አካባቢ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ አንድ የመለኪያ መሣሪያ አለን፤ ሶፍትዌሩ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ውጭ አይሠራም። ዲስኩ እየጮኸ ስለሆነ መቀየር አለብኝ። ኬብሉ ያ ሰፊው ሪባን ነው። ትልቅ ባስገባበትስ?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትልቅነት አይጠቅምሽም። ሪባኑ አይዲኢ ነው፤ ከሳታ በፊት የነበረው የዲስክ ማገናኛ። በዚያ ዘመን ሌላ ግድግዳ ነበረ፤ 28 ቢት አቆጣጠር ይሉታል፣ ጣሪያው 137 ቢሊዮን ባይት ነው። የመጀመሪያው ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው ማሻሻያ ካልተጫነበት ያንን አያልፍም። ክፋቱ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ መሆኑ ነው። ትልቅ ዲስክ ስትሰጪው ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ከ137ቱ ያለፈ ነገር ሲጽፍ መጀመሪያው ላይ ያለውን ይደመስሳል።

80 ወይም 120 ጊጋ ፈልጊ፣ ለመለኪያ ውጤት ይተርፋል። አይዲኢው ዲስክ ጀርባ ላይ ያለችውን ጃምፐርም (ሁለት ፒን የምታገናኘውን ትንሽ መሰኪያ) እዪ፤ ብቻውን ከሆነ «ማስተር» ላይ ትሁን። ከሁሉ በፊት ግን የሚጮኸውን ዲስክ ዛሬውኑ ሙሉ ቅጂ አንሺለት። የመሣሪያው ሶፍትዌር ሲዲ እንደ ጠፋ እገምታለሁ። ሁሌም ይጠፋል።

ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ጂፒቲን ጭራሽ አያነብም። ይህንን ለሌሎቻችሁም ነው የምለው።

ከሽምብጥ፦ ሳልባጅ 8 ቴራ ዲስክ ገዛሁ። የጓደኛዬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እኔ ፓወር ሰፕላዬን በቅርቡ ቀይሬያለሁ፣ እኔ ጋ ግን አይሽከረከርም። አዲሱ እምቢ ብሎ አሮጌው እሺ ይላል?

ይላል። ለዚህ ነው ጥያቄህን የወደድኩት። በሳታ የኃይል መሰኪያ ላይ ሦስተኛዋ ጥርስ ድሮ 3.3 ቮልት ነበረች፣ ማንም ግን አይጠቀምባትም ነበር። በኋላ ለትልልቅ የሰርቨር ዲስኮች ሌላ ሥራ ሰጧት፤ ኃይል ካገኘች ዲስኩ እንዲተኛ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይህ 3.3 ቮልት ይልካል፣ ዲስኩም ታዝዞ ይተኛል። ጓደኛህ ከድሮው ባለ አራት ሽቦ መሰኪያ በመቀየሪያ ነው የሰጠው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሁለት ጥቁር። እዚያ 3.3 የሚባል ነገር የለም።

አንተም መቀየሪያ ግዛ። ስትገዛ ግን ሽቦው የሚገባበትን ጫፍ እይ። ፕላስቲኩ ሽቦው ላይ ቀልጦ እንደ ፈሰሰ አንድ ወጥ ከሆነ ተወው፤ ያ ዓይነት ውስጡ ተገናኝቶ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ሽቦው ተጨምቆ ገብቶ ከኋላ ክዳን ያለው ይሻላል። አንዳንዱ ጥርሶቹን ሙቀት በሚችል ቀጭን ቴፕ ይሸፍናል። ይሠራል። በናስትሮ ግን አታድርገው፤ ሲሞቅ ይንሸራተታል።

ከሐይቁ ዳር፣ የሆቴል ሠራተኛ፦ የካሜራችን መቅጃ 500 ጊጋ ነው ያለው። 6 ቴራ ብናስገባበት ይቀበላል?

መመሪያው ላይ ከፍተኛው መጠን ተጽፏል፣ እሱን እዩ። አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ 2 ቴራ ላይ ይቆማሉ። መቅጃው አዲስ ዲስክ ሲሰጠው ፎርማት ስለሚያደርግ ዕቃ ያለበት ዲስክ እንዳትሰኩበት።

ያልተናገረ ሰፈር፦ ስንት ቦታ ልከፋፍለው? ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ማድረግ ደስ ይለኛል።

ደስ ካለህ ምን አደርጋለሁ? ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ኢ ሞልቶ ኤፍ ባዶ ይሆንና ልታሰፋ ትመጣለህ። አንድ በቂ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ ዲስክ ላይ ዲ እና ኢ አድርጎ ፎቶውን ሁለቱም ላይ መገልበጥ ደግሞ መጠባበቂያ አይደለም። ዲስኩ ሲሞት አብረው ነው የሚሞቱት።

ከጊዮርጊስ አካባቢ፦ ፎርማት ሳደርግ ሌሊቱን ሙሉ አለቀቀኝም፣ ከዚያ መብራት ሄደ።

«ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ሳጥን ምልክት አላደረግክበትም። ያለ እሱ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይጽፈዋል። 4 ቴራ በሰከንድ 150 ሜጋ ብንል ከሰባት ሰዓት በላይ ነው። ሰባት ሰዓት መብራት ሳይሄድ፣ ያውም በክረምት! ዲስኩ አዲስና ባዶ ከሆነ ምንም አልሆነም፣ እንደገና ጀምር። ዕቃ ያለበትን ፓርቲሽን ማስፋትና ማጥበብ ግን ሌላ ነገር ነው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ የተገፋው ዕቃ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። እሱን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚረከብ ባትሪ) አልነካውም።

ከዘንዘልማ፦ አንተስ የሰው ዳታ አጥፍተህ አታውቅም?

አጥፍቻለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ደንበኛው ሁለት እኩያ ዲስኮች ነበሩት፣ ሁለቱም 500 ጊጋ። አሮጌው ዲስክ 0፣ አዲሱ ዲስክ 1። አቧራ ልጠርግ ብዬ ኬብሎቹን ነቀልኩ፣ መልሼ ስሰካ አቀያየርኳቸው። ስክሪኑ ላይ ዲስክ 1 ይላል፣ መጠኑ ያው 465 ነው። አዲሱ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ ፎርማት አደረግኩት። ከዚያ አሮጌውን ልከፍት ብሄድ የልጁ የክርስትና ፎቶ ያለበት ፎልደር የለም። እጄ ማውዙ ላይ ደርቆ ቀረ።

ያዳነኝ ኩዊክ ፎርማት መሆኑና ወዲያው መንቀሌ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቀን ቆፍሬ አብዛኛውን ፎቶ አወጣሁት። ስማቸውና ቀናቸው ግን ጠፍቶ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ በቁጥር ብቻ። ደንበኛው አልተቆጣም፣ ዝም አለ። ያ ዝምታ ባሰብኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ዲስክ ስከፋፍል የአሮጌውን ኬብል እነቅለዋለሁ። ዊንዶውሱ ያለበት እሱ ከሆነና መንቀል ካልቻልኩ፣ የአዲሱን ሴሪያል ቁጥር በወረቀት ጽፌ ስክሪኑ ጥግ ላይ በናስትሮ እለጥፋለሁ።

ከድባንቄ፦ ማዘርቦርዴ የድሮ ሳታ ነው። አዲሱን ዲስክ ጭራሽ አያየውም።

ዲስኩ ጀርባ ላይ የጃምፐር ቦታ ካለ ፍጥነቱን ወደ 1.5 ጊጋቢት አውርደው። ከዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ፈጣኑን ዲስክ አይተው ይደናገጣሉ። ጃምፐር ከሌለው የሳታ ካርድ ገዝተህ ጨምርበት።

ከዘጌ፣ ቀሲስ፦ የንግሥ በዓል ቅጂና መዝሙር ያለበት 4 ቴራ ኤክስተርናል ነበረን። መሰኪያው ስለተሰበረ ልጆቹ ቅርፊቱን ፈትተው ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ገጠሙት። አሁን «ኢኒሺያላይዝ» አድርግ እያለ ይጠይቃል። እሺ እንበለው?

ቀሲስ፣ እባክዎ እሺ እንዳይሉት! መስኮቱን ይዝጉት፣ ኮምፒውተሩን ያጥፉት፣ ዲስኩን ይንቀሉት።

ዕቃው አልጠፋም። ቅርፊቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ነበረች። ከነዚህ ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ ኤክስፒም እንዲያነበው ብለው ስምንት ሴክተር እንደ አንድ ይቆጥራሉ፤ 512ቱን 4096 አድርገው ያሳያሉ። ዲስኩ በቀጥታ ሲሰካ ያ አስተርጓሚ የለም። ኮምፒውተሩ መዝገቡን ያነባል፣ ቁጥሮቹ አይገጥሙለትም፣ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ደግሞ ዳታውን ራሳቸው ይቆልፉታል፤ ያለ እነሱ አይፈታም። ስለዚህ ዲስኩን መልሰን ከገዛ ሰሌዳው ጋር ማገናኘት አለብን። የተሰበረው መሰኪያ ብቻ ከሆነ በብየዳ ይስተካከላል።

ሰሌዳዋን አልጣሏትም አይደል?

ቀሲስ፦ ልጆቹ ከብሎኖቹ ጋር በፌስታል ቋጥረው አስቀምጠዋታል።

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰኞ በጀልባ ሲመጡ ፌስታሉን እንዳለ ይዘውልኝ ይምጡ። ዲስኩን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጭነቱ ላይ ሳይሆን ጭንዎ ላይ።