ሌሊት የሚጮኸው ድመቴ ታሞ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንዱ ድመቴ 4 ዓመቱ ነው፤ ተኮላሽቷል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆሞ ይጮኻል። ተነስቼ ሳህኑን ስሞላለት ዝም ይላል። ቀን ደግሞ እግር እግሬን እየተከተለ ያለቅሳል። የሚያመው ነገር ኖሮ እኔ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆን? ሩብ ፓራሲታሞል ብሰጠውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ኪኒኑን ያስቀምጡት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን በሚገባ ማስወገድ አይችልም። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል፤ ሩቡም ይመርዛል። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዱ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቱና መዳፎቹ ያብጣሉ። እስካሁን ሰጥተውት ከሆነ ምልክት አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። አይቡፕሮፌንም፣ አስፕሪንም አይሞከሩም። ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከቤት መድኃኒት መስጠት ምን የሚሉት እርዳታ ነው?

ወደ ጭንቀትዎ ልመለስ። የጻፉልኝ ነገር የሚሰቃይ ድመት አይመስልም። የታመመ ድመት ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ ይተዋል። ያደጉ ድመቶች እርስ በርስ እምብዛም «ሚያው» አይባባሉም፤ ይህን ድምፅ በአብዛኛው ለሰው ነው የሚያወጡት። የእርስዎም ድመት ሲጮኽ ሳህን እንደሚሞላ አውቋል። ሳያውቁት ነው ያስለመዱት፤ በዚህ ራስዎን አይውቀሱ።

ወንድ በመሆኑ ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ ያረጋግጡልኝ፦ ሽንቱን ይሸናል? የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ነው። አሸዋ የመሰለ ደቃቅ ጠጠርና ንፍጥ ይደፍነዋል። የሚጸዳዳበትን አሸዋ ሙሉ በሙሉ ይቀይሩና በማግስቱ በሽንት የረጠበውን ጓል ይቁጠሩ። በቀን ከ2 እስከ 4 ደህና መጠን ያለው ካገኙ እፎይ ይበሉ። አሸዋው ላይ እየተመላለሰ የሚያምጥ፣ ጠብታ ብቻ ወይም ምንም የማይወጣለት፣ ብልቱን ደጋግሞ የሚልስ፣ እያማጠ የሚጮኽ ከሆነ ግን ለነገ አይባልም። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ድርቀት ነው» ይላሉ፤ ዘይት ያጠጣሉ፣ ወተት ይሰጣሉ፣ ይጠብቃሉ። እባካችሁ፣ በዚህ ስህተት ድመት ይሞታል! ሽንት ሲታገድ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፣ ደም ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ከዚያ ልብ ቀጥ ይላል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ማስመለስና መዝለፍለፍ ከጀመረ ጊዜው እየመሸ ነው። የሆዱን ታች ሲነኩ እንደ ኳስ የጠጠረ ነገር ቢያገኙ አይጫኑት፤ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። ሐኪሙ አደንዝዞ በቀጭን ቱቦ ይከፍትለታል። መኮላሸቱም ከዚህ አያድነውም። ማታ ካዩት ሌሊቱን ይውሰዱት።

ሽንቱ ደህና ከሆነ ወደ ጩኸቱ እንምጣ። ከመኝታ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በክር ያሯሩጡት፤ ወዲያው የማታ ምግቡን ይስጡት። አድኖ፣ በልቶ፣ መተኛት ተፈጥሮው ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ሲጮኽ አይነሱ፣ አይቆጡት፤ ቁጣም ለእሱ ምላሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይብስበታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፤ በአምስተኛው ሌሊት ከተነሱ አምስት ሌሊት መጮኽ እንደሚያዋጣ አስተማሩት ማለት ነው። ጠዋትም ጸጥ ካለ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመግቡት።

ዕድሜው ከ10 ዓመት ያለፈ ድመት በድንገት ጩኸት ሲያበዛ ግን ምክሬ ሌላ ነው፦ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ)፣ የኩላሊትና የደም ግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል። ያልመከነች ሴት ከሆነች ደግሞ ወንድ ፈልጋ ይሆናል፤ ማስመከን ይፈታዋል።

የእርስዎ ድመት በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም እየበላ ከከሳ፣ ይዘውት ይሂዱ። ሲጮኽ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ክሊኒክ ሲደርስ ዝም ማለቱ አይቀርም።