ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው

የአንባቢያን ጥያቄና የዳንስ መምህርቷ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን ቲቸር። እኛ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የወጣት ማዕከል የምንለማመድ ዘጠኝ ልጆች ነን። አብዛኞቻችን የመጣነው ከባህል ውዝዋዜ ነው። አሁን ስለ ኮሮና ጊዜ የቡድን ኮንቴምፖራሪ (ዘመናዊ) ዳንስ መሥራት ፈልገናል። መጀመሪያ ያሰብነው አንዱ ልጅ ቀይ ልብስ ለብሶ ቫይረሱን እንዲሆን ነበር። የነካቸው ይወድቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም መጥቶ ያሸንፈዋል። ስንለማመደው ግን የትምህርት ቤት ክበብ ድራማ ሆነብን። ሌላው ጭንቀታችን፣ ከመካከላችን አንዷ አባቷን ያጣችው በዚያው በሽታ ነው። እሷ «እሠራለሁ» ትላለች፣ እኛ ግን ፈራን። ሙዚቃም አልመረጥንም። ከየት እንጀምር?
*ዘጠኙ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ልጆቼ፣ ቀዩን ልብስ ተዉት። ሐኪሙንም አሰናብቱት። ቫይረሱን ማናችንም በዓይናችን አላየነውም። ያየነው ጎረቤታችን ከሩቅ ሲያየን መንገድ ሲቀይር ነው። ዳንሳችሁ ያለው እዚያ ነው።

እስቲ ያንን ጊዜ አስታውሱ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እሱን ተከትሎ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ወንበር እንዲጭኑ ተደረገ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ክልክል ሆነ።

ይቺን «አራት» የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ። እናንተ ዘጠኝ ናችሁ። አራትና አራት ስምንት። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይተርፋል። ተጨማሪ ታሪክ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ሥራችሁ እዚህ ላይ ቁጭ ብሎላችኋል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አራት ሰው ተጠጋግቶ መቆም ይችላል። አምስተኛው ከገባ ከነበሩት አንዱ መውጣት አለበት። ማን እንደሚወጣ አስቀድማችሁ አትነጋገሩ፣ በዓይንም አትጠቃቀሱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ ሥሩት። ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣ ልጅ ታገኛላችሁ። ወገቡን ቢጎትቱት የማይነቃነቅም ይኖራል። አንዱ ሊወጣ ሲል እጁን ይዞ የሚያስቀረው ይመጣል፣ ያኔ ሁለቱም ይወጣሉ። አንዳችሁ በስልክ ቅረጹትና በኋላ አብራችሁ እዩት። የምታስቀሩትን ከዚያ ውስጥ ምረጡ። ዘጠነኛው ሰው ታማሚ ይሁን፣ ለይቶ ማቆያ የገባ ይሁን፣ ወይስ እንዲሁ ብቸኛ ሰው፣ እናንተ አትወስኑለት። ተመልካቹ የራሱን ሰው ያገኝበታል። ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ዘጠነኛ ሆኖ እንዳይቀር፣ ቦታው ይዙር።

ቀጥሎ ሰላምታ። እኔ ይህን ክፍል ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡልኝ። እያንዳንዳችሁ የአያታችሁን ሰላምታ ይዛችሁ ኑ። ሐዋሳ ናችሁና ከሲዳማ ቤት፣ ከወላይታ ቤት፣ ከጉራጌ ቤት፣ ከአማራ ቤት የመጣ አይጠፋም። ጉንጭ መሳም አለ። ትከሻ ለትከሻ መጋጨት አለ። ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደግፎ መጨበጥ አለ። ዝቅ ብሎ እጅ መንሳት አለ። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሰላም ተባባሉ። እስኪበቃችሁ ደጋግሙት። ከዚያ በዚያን ጊዜ እንደተባለው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁና ያንኑ ሰላምታ ምንም ሳትቀንሱ አድርጉ። ክብደታችሁን ወደፊት ስጡ። ጉንጫችሁ የሚያርፍበት ቦታ ድረስ ይሂድ። የሚቀበላችሁ ትከሻ ስለሌለ ሚዛናችሁ ይሄዳል። መውደቅ ከፈለጋችሁ ውድቀታችሁ ከዚህ ይምጣ። ቫይረስ ነክቶት የወደቀ ልጅ ትወና ያስመስላል። ሊስም ሄዶ አየር ላይ የወደቀን ልጅ ግን ሰው ያምነዋል። በክርን ሰላም መባባሏን አንድ ጊዜ ብቻ አስገቧት። ከደጋገማችኋት ሰው ይስቅና ወደ ቀልድ ትወስድባችኋለች።

የባህል ውዝዋዜያችሁን በር ላይ ጥላችሁ እንዳትገቡ። ኮንቴምፖራሪ ማለት መሬት ላይ መንከባለል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አዱኛ በሚባለው የዳንስ ሥልጠና የተጀመረው የኮንቴምፖራሪ ጉዞ በጎዳና ካደጉ ልጆች ጋር ነው። ከዚያ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን መሥርተው አካል ጉዳተኛውንና ጉዳት የሌለበትን አብረው አስደንሰዋል። ሰውነታችሁ የሚያውቀውን ይዛችሁ ግቡ። የወላይታ ወገብ፣ የጉራጌ እግር፣ የጎንደር ትከሻ ሁሉም ያስፈልጋችኋል።

በተለይ ትከሻውን ልብ በሉት። እስክስታ የሚኖረው ትከሻና ደረት ላይ ነው። በሽታውም የገባው ደረት ውስጥ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ ድረስ በሙሉ ፍጥነት እስክስታ ምቱ። ከዚያ እግርም እጅም አንገትም ይቁም። ትከሻችሁን የሚያነቃንቀው ትንፋሻችሁ ብቻ ይሁን። ዘጠኝ ሰው ሲያለከልክ አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ስሙት። ከመካከላችሁ አስም ያለበት ካለ ይህን ልምምድ ተቀምጦ ይመልከት፣ አታስገድዱት።

ስለ ሙዚቃ የጠየቃችሁኝንም በዚሁ መለስኩ። መጀመሪያ ትንፋሻችሁ ይሁን። ትዝታ እንዳትከፍቱ አደራ። ትዝታን እኔም እወዳለሁ፣ ግን እናንተ ገና ሳትንቀሳቀሱ እሱ ቀድሞ ያስለቅሳል። ሥራው ያለ ሙዚቃ ከቆመላችሁ በኋላ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዙና እያየ ይጫወት።

አሁን ወደ እህታችሁ ልምጣ። በቡድኑ ፊት «ትችያለሽ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋት። በሰው ፊት ማን «አልችልም» ይላል? አንዳችሁ፣ የምትቀርባት፣ ለብቻዋ ቡና ጋብዛት ትጠይቃት። ጥያቄውም «ምን እንዲገባ ትፈልጊያለሽ?» ብቻ አይሁን። «ምን እንዳይገባ ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ይበልጣል። መልሷን ሳትከራከሩ ተቀበሉ። የእሷን ክፍል ሌላ ልጅም አብሮ ይለማመደው፣ የዝግጅቱ ቀን ሐሳቧን ብትቀይር ማንንም ሳትለምን እንድትቀመጥ። አንድ ነገር ደግሞ በጣም አጥብቄ እነግራችኋለሁ። የመድረክ አስተዋዋቂው «አባቷን በኮሮና ያጣችው» ብሎ እንዳያስተዋውቃት። ፖስተር ላይም እንዳይጻፍ። ሐዘኗ ማስታወቂያ አይደለም።

ለቅሶን ግን አትሽሹ። በዚያ ጊዜ ድንኳን ሳይተከል፣ ለቀስተኛ ሳይደርስ የተቀበረ ብዙ ሰው አለ። የሰፈራችሁን እድር አግዳሚ ወንበር አውሱን በሉ። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ደርድሩት። አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥበት፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ሌላው ወንበር ባዶ ይሁን። ለቀስተኞቹ ሲገቡ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው፣ ሲወጡም የተቀመጠውን ሳይነኩት ይሁን። እዚህ ላይ ደረት መምታትና መጮህ ከጨመራችሁ ይበላሻል። ይህን ክፍል አባቷን ያጣችው ልጅ ሳታየው ወደ መድረክ አታውጡት። የእድሩንም ዳኛ ለልምምድ ጥሩት፣ ወንበሩ የእነሱ ነውና ምን ላይ እንደዋለ ይይ።

አዳራሽ ካልተገኘ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ሥሩት። በመጋቢት 2012 በሴኔጋል ቱባብ ዲያላው፣ በዳንስ መምህርቷ በዠርሜን አኮኚ ትምህርት ቤት፣ ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተሰባሰቡ ዳንሰኞች አንድ ትልቅ ሥራ ለመድረክ አድርሰው ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ዝግጅቱ ተሰረዘ። ወደየአገራቸው ከመበተናቸው በፊት ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ወጥተው ሙሉውን ደነሱት። መድረኩም መብራቱም ሳይኖር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የትያትር ክበብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ወረርሽኝ ዳንስ ሊሠሩ ሲነሱ ባልደረቦቼ «ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፣ ማን ያያል?» አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባልደረቦችዎን ኅዳር 12 ጠዋት ከቤት ወጥተው ሰፈሩን እንዲያዩ ይንገሯቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን ነው። መነሻው የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው፣ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ። በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ። የሞቱትን ሰዎች ስም አብዛኞቻችን አናውቅም፣ መጥረጉና ማጤሱ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም በእጃችን ላይ አለ። ወረርሽኝ እንቅስቃሴ ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ይህን ጥያቄ ይስጧቸው፦ ኮሮና በእኛ ሰውነት ላይ የተወው እንቅስቃሴ የትኛው ነው? ሳኒታይዘር ተቀብሎ መዳፍን ማሻሸት ነው? በር ላይ ሲደርሱ ከኪስ ማስክ መፈለግ ነው? ሳል ሲሰሙ ፊትን ማዞር ነው? በየሱቁ ደጃፍ የቆመውን ጀሪካን በእግር ረግጦ መታጠብ ነው? እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ይምረጥ። ከዚያ ያንን በመጥረጊያው ክንድ ፍጥነት ይሥራው፣ በዝግታ፣ ጎንበስ ብሎ። ሁለቱ ዘመን በአንድ ሰውነት ላይ ሲገናኝ የሚወጣውን እርስዎም ተቀምጠው ይዩት፣ ከዚያ ባልደረቦችዎን ይጥሩ።

ዝግጅቱን ራሱ ኅዳር 12 ላይ ማድረግ ካሰባችሁ ደስ ይለኛል። ሰዓቱን ግን ከቀትር በኋላ አድርጉት። ጠዋት ከተማው ጭስ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ለዚህ ሥራ ትንፋሽ ያስፈልጋቸዋል።