ጌታ ሊመጣ ነው እየተባለ ለሌላ ሰው መጸለይ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ወንድሜ አረብ አገር ከሄደ ወዲህ ጸሎቱንም ጾሙንም ትቷል፤ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ከጎረቤቴ ጋር ደግሞ በውኃ ምክንያት ተቀያይመን አንነጋገርም። ሰው ሁሉ «ዘመኑ አልቋል፣ ምጽአት ደርሷል» ይላል። እንዲህ ከሆነ ስለ ራሴ ነፍስ ብቻ ልጸልይ ወይስ ለእነርሱም? ለእነርሱስ ምን ብዬ፣ በየትኛው ሰዓት?

መልስ፦ እህቴ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግሽም። ነቢዩ ሳሙኤል ለሕዝቡ መጸለይን መተው እግዚአብሔርን መበደል ነው ብሎ ተናግሯል (1ኛ ሳሙ. 12፥23)፤ ስለዚህ ለእነርሱ መጸለይሽ ለራስሽም ነፍስ ነው። ጌታ ስለ መጨረሻው ዘመን በደብረ ዘይት ተራራ ሲያስተምር እንኳ «ሽሽታችሁ በክረምት ወይም በሰንበት እንዳይሆን ጸልዩ» ብሏል። ይህ በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት፣ በደብረ ዘይት እሑድ የምንሰማው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ነው። ጭንቅ ሲቃረብ «ሽሽታችሁ» ብሎ ሁሉን በአንድነት ጸልዩ አለ እንጂ እያንዳንዱ ራሱን ያድን አላለም። በቅዳሴያችንም «ንዜኑ ሞተከ… ወዳግመ ምጽአተከ» (ሞትህን እንናገራለን… ዳግም መምጣትህንም እናምናለን) ብለን መምጣቱን የምንመሰክረው ለታመሙት፣ ለተጓዦች፣ ለዝናሙና ላንቀላፉት በምንለምንበት በዚያው አገልግሎት ውስጥ ነው።

ደግሞም ለሌላው ንስሐ የምንለምንበት ጊዜ ይህ ነው። በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ሙሽራው ከገባ በኋላ በሩ ተዘግቷል (ማቴ. 25፥10)። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታ የዘገየ የሚመስለው ሁሉ ወደ ንስሐ እንዲደርስ ስለሚታገሥ ነው ይላል (2ኛ ጴጥ. 3፥9)። ወንድምሽ ዛሬ የሚኖረው በዚያ ትዕግሥት ውስጥ ስለሆነ ስሙን ሳትጠሪ አንድ ቀን አትለፊ።

ምን ብዬ ላልሽው ቅዱስ ጳውሎስን ተከተዪ። ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጸልይ ፍቅራቸው በእውቀት እንዲያድግ፣ ለክርስቶስ ቀን ቅኖችና ነውር የሌለባቸው ሆነው እንዲገኙ ይለምናል (1፥9–11)። እስር ቤት ድረስ ፈልጎ ለጠየቀው ለሄኔሲፎሩም በዚያን ቀን ምሕረት እንዲያገኝ ይጸልያል (2ኛ ጢሞ. 1፥18)። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቪዛውን፣ ሥራውን፣ ጤናውን ለምነን እናበቃና ሰውዬው በጌታ ፊት እንዴት እንደሚቆም ሳንለምን እንቀራለን። የዕለቱንም ችግር ለምኚ፣ ግን በዚያ አታብቂ። ለእናትሽ «ጌታ ሆይ፣ ከሕመሟ ፈውሳት፤ ትዕግሥት ስጣት፤ በመጣህም ጊዜ በቀኝህ አቁማት» በዪ። ለወንድምሽ «የሚመክረው ሰው ላክለት፤ ንስሐ ሳይገባ አትጥራው» በዪ። እናትሽን በተመለከተ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ፤ ጸበል ጀመረች ብለሽ መድኃኒቷን እንዳታስቆሚ። ጾሟንም ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ትወስን።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ)ና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። በአንቺ ኑሮ ሁሉንም ቆመሽ ማድረስ አትችዪም፤ ሁለቱን አጥብቀሽ ያዢ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሩብ ሰዓት ይበቃሻል። ፊትሽን ወደ ምሥራቅ መልሰሽ ቁሚ። ጌታ መምጣቱን ከምሥራቅ እንደሚወጣ መብረቅ ነው ብሏልና (ማቴ. 24፥27) ወደ ምሥራቅ መቆማችን ራሱ እርሱን መጠበቅ ነው። በብሎኩ ውስጥ አቅጣጫው ከጠፋሽ ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ እዪ። አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ከመዝሙረ ዳዊት የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ነው፤ ላንቺ ስለሚበዛ ከየዕለቱ ድርሻ አንድ መዝሙር ውሰጂ። ከዚያ በኋላ ስሞቹን አንሺ።

ስሞቹን በትንሽ ደብተር ላይ በክርስትና ስማቸው ጻፊ፤ ወልደ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ እያልሽ። በዚሁ ስም ለንስሐ አባትሽ ብትሰጫቸው በቅዳሴም ያስቡልሻል። የቤተሰብሽን በየቀኑ፣ የቀሩትን ለሰባቱ ቀናት አከፋፍለሽ በቀን ከአምስት አታስበልጪ። ስልሳ ስም ባንድ ትንፋሽ የምታነብቢ ከሆነ ጸሎቱ የስም ጥሪ ይሆንና ልብሽ አብሮ አይቆምም። በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ልመና አቅርበሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። የምታሳርጊውም በአቡነ ዘበሰማያት ነው። ልጆች በተኙበት ክፍል፣ ድምፅ በግድግዳ በሚያልፍበት ቤት ጮክ ማለት አያስፈልግም፤ የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የአውቶቡስ ሰልፍ ላይም በሕሊናሽ ስማቸውን መጥራት ትችያለሽ። ስግደት ከጨመርሽ በሰንበታት፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትና በቈረብሽበት ቀን አይሰገድም።

ደብተሩን ለማንም አታሳዪ። «ጸልዩላት፣ እንዲህ ሆናለች እኮ» እየተባለ በጸሎት ስም የሰው ገመና ሲወራ ይውላል፤ ያ ሐሜት ነው። በቴሌግራም «ይህን ጸሎት ለ12 ሰው ካላስተላለፍሽ መቅሠፍት ይመጣል» የሚል መልእክት ከደረሰሽ አጥፊው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በማስፈራራት ጸሎት አያስላክም። የምጽአትን ቀን ቆጥሮ የሚነግርሽንም አትስሚ፤ ያን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ተብሎ ተጽፏል (ማቴ. 24፥36)።

ጎረቤትሽ ግን ከደብተሩም ትቀድማለች። መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ነውና ቃሉ (ማቴ. 5፥24)፣ «ፍረድልኝ» ብለሽ ስሟን አታንሺ። በሚቀጥለው የውኃ ተራ ጄሪካኗን ከራስሽ አስቀድመሽ ሙዪላት፤ ከዚያ በሯን አንኳኪና ይቅር በዪኝ በያት። እምቢ ካለችሽ በሁለታችሁ የንስሐ አባቶች ወይም እርሷ በምታከብራቸው ሽማግሌ በኩል ሞክሪ። እስክትታረቁ ድረስም «ጌታ ሆይ፣ ለእርሷና ለእኔ በመጣህ ጊዜ ምሕረት ስጠን» እያልሽ ስሟን ከራስሽ ስም ጋር አብረሽ አንሺ።