መልስ፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ መወዳደር ስፖርት ነው?

ወንድሜ፣ ስለ ኢስፖርት፣ ማለትም ስለ ቪዲዮ ጌም ውድድር፣ «ተቀምጦ ጣት ማንቀሳቀስ እንዴት ስፖርት ይባላል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ስፖርት ነው ባይ ነኝ። መለኪያው ላብ ብቻ ከሆነማ ቼዝም ይወድቃል። ቼዝን ግን ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1999 እውቅና ሰጥቶታል። የተኩስ ውድድርም ሜዳሊያ ያሰጣል፤ እዚያ የሚፈለገው ሩጫ ሳይሆን የእጅ መርጋት ነው።

ስታርክራፍት የሚባለውን የጦርነት ቪዲዮ ጌም የሚጫወት የአንድ ጎበዝ ተጫዋች እጅ አይተህ ታውቃለህ? ግራው ኪቦርድ ላይ፣ ቀኙ ማውዝ ላይ። በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ ይሰጣል። ዓይኑ ከዋናው ውጊያ በስክሪኑ ጥግ ወዳለው ካርታ ይዘላል፣ መልሶ ይመጣል። ለቅጽበት ከተዘናጋ አለቀለት። ይህ በቀን ለሰዓታት ካልተለማመዱ አይመጣም። በእጅ አንጓ ጉዳት ገና በወጣትነታቸው ውድድር ያቆሙም አሉ።

ቻይና ውስጥ ሃንግዡ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄዱት የእስያ ጨዋታዎች ደግሞ ኢስፖርት በይፋ ሜዳሊያ ነበረው። «ፌከር» በሚል ስም የሚታወቀው የቪዲዮ ጌም ተጫዋች ሊ ሳንግ-ህዮክ ከደቡብ ኮሪያ ቡድን ጋር ወርቅ ወስዷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እግር ኳስ ባለቤት የለውም፤ ማንም ኳስ ይዞ መጫወት ይችላል። ቪዲዮ ጌም ግን የኩባንያ ንብረት ነው። ኩባንያው በአንድ አፕዴት ሕጉን ይቀይራል፤ ሰርቨሩን ከዘጋው ደግሞ ውድድሩም አብሮ ይጠፋል። ተጫዋቹ ዓመታት የለፋበት ችሎታ በሌላ ሰው ውሳኔ ሜዳ አልባ ሊሆን ይችላል። ስፖርት አይደለም ለሚሉ ሰዎች ከመቀመጡ ይልቅ ይሄኛው የተሻለ መከራከሪያ ይመስለኛል።