ቫዮሊን ይዛችሁ ለተነሳችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ «ክላሲካሉን ልያዝ ወይስ ከባንድ ጋር ልውጣ?» እያላችሁ ስትጨነቁ እሰማለሁ። እኔንም በእናንተ ዕድሜ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ማታ ማታ ከባንድ ጋር መጫወት መጀመሬን የሰሙ አንድ መምህሬ «እጅህ ይበላሻል» አሉኝ። አመንኳቸውና ተውኩት። የተመለስኩት ሰባት ዓመት አልፎ ነው፤ ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል።

እንግሊዛዊው ቫዮሊኒስት ናይጀል ኬኔዲም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። በ16 ዓመቱ የጃዙ ቫዮሊኒስት ስቴፋን ግራፔሊ ካርኔጊ አዳራሽ አብሮት እንዲጫወት ሲጋብዘው፣ በኒውዮርኩ የጁሊያርድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራኑ ለክላሲካል ሙያው እንደማይበጀው አስጠነቀቁት። እሱ ግን ወጥቶ ተጫወተ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» ቅጂው ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እጁ የት ተበላሸ?

እኔን ያቃናኝ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። ማሲንቆ ያላት አንድ ክር ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ጣታቸው ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ዳበስ ያደርገዋል። በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ በቫዮሊን ተጫወትኩላቸው። እያንዳንዱን ኖታ ጥርት አድርጌ፣ በቪብራቶ አንቀጥቅጬ። ዝም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ግጥሙ የታለ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዜማውን መጀመሪያ በአፌ፣ ከነግጥሙ እለዋለሁ። ትንፋሼ የሚያልቅበትን ቦታ አስተውልና ደጋኑን እዚያው እመልሳለሁ። የሚገርመው፣ ይህ ልማድ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባህን ሬ ማይነር ፓርቲታም፣ ለብቻ ቫዮሊን የተጻፈውን ሥራ፣ አቀናልኝ። ከክፍሎቹ አንዱን፣ ዝግተኛውን ሳራባንድ፣ ለዓመታት ስቆጥረው ኖሬ፣ መተንፈስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ስለዚህ ከአዝማሪ የተማራችሁትን ወደ ባህ፣ ከባህ የተማራችሁትን ወደ ባንዱ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም፤ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ድራሙን ለማሸነፍ ብላችሁ ግን ደጋን አትጫኑ፤ ድምፁ ይሻክራል። ማጉላቱን ለድምፅ ባለሙያው ተዉለት። ማታ ሥራ ካመሻችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ሰዓት አራቱን ክሮች ጣት ሳታሳርፉ፣ በረጅሙ ደጋን ብቻ ስቡ። እጅ ከሌሊቱ ችኮላ የሚረጋጋው በዚህ ነው።

የጆሮ መድፈኛም ከቫዮሊናችሁ ሳጥን አይታጣ። እኔ ብዙ ዓመት ከድራሙ ጎን ቆሜ ስለተጫወትኩ፣ ዛሬ የ«ሚ» ክርን፣ የቀጭኑን ክር፣ ከፍተኛ ድምፅ በቀኝ ጆሮዬ እንደ ድሮው አልሰማውም።